በአሮጌ ሐዲድ የተሠራው የሚታካ የእግረኛ ድልድይ

(ምስል፦ ከላይ የተነሳ። ጎን ለጎን የተሰለፉ ባቡሮች፣ በላያቸው አንድ ቀጭን የብረት ድልድይ።)

ይህ ድልድይ ከቶኪዮ በስተምዕራብ በሚታካ ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ተሠራ፤ ርዝመቱ 93 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 5 ሜትር ገደማ። ሁለት መስመር ለመሻገር ይህን ያህል ርዝመት አያስፈልግም። ያረዘመው የባቡር ዴፖው ነው። ቹኦ በተባለው የባቡር መስመር የሚሄዱ የኤሌክትሪክ ባቡሮች የሚያድሩበትና የሚጠገኑበት ግቢ ከዋናው መስመር ጎን ሲዘረጋ፣ በሰሜንና በደቡብ ያሉትን ነዋሪዎች ለያያቸው።

በመሬት ማቋረጫስ አይበቃም ነበር? በዋናው መስመር ላይ ባቡር ሲመጣ ዘግቶ ሲያልፍ መክፈት ይቻላል። ዴፖ ውስጥ ግን ባቡሩ ወደፊትም ወደኋላም ይሄዳል፤ የቆመው ፉርጎ የሚንቀሳቀሰውን ይጋርዳል፤ ከላይ ደግሞ 1,500 ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለ። እግረኛውን ወደ ላይ ማውጣት ግድ ነበር።

(ምስል፦ የምሶሶው ቅርብ እይታ። የሐዲዱ ቅርጽ በግልጽ ይታያል።)

ምሶሶውንና ተሸካሚውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ አሮጌ ሐዲድ ነው። ሐዲድ ከአገልግሎት የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ የባቡሩ ጎማ የሚነካው የላይኛው ክፍሉ ሲበላ ነው። መሃል ያለው ቀጭን ወገቡና ከታች ያለው ሰፊ እግሩ ገና ጤነኛ ናቸው። በዘመኑ በጃፓን የተለመደው ሐዲድ በሜትር ከ30 እስከ 37 ኪሎ ይመዝናል፤ 10 ሜትር ርዝመት ያለው አንዱ 370 ኪሎ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ብረት ውድ በነበረበት ጊዜ ይህን መጣል አይታሰብም።

ችግሩ ግን ቅርጹ ላይ ነው። ሐዲድ ከላይ የሚመጣ ጭነትን አጥብቆ ይችላል፤ ወደ ጎን ሲገፉት ግን ቶሎ ይጎብጣል። ስለዚህ ለብቻው አይቆምም፤ ይጣመራል፣ በአግድምና በሰያፍ ብረት ይታሰራል። ብየዳም አይወድም። ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ሳይሞቅ ከተበየደና በፍጥነት ከቀዘቀዘ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ደግሞ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ አደጋው እሱ ነው።

ዝገቱ የሚጀምረው ውሃ ከሚቆምበት ነው፦ ምሶሶው ኮንክሪት ውስጥ ከሚገባበት አፍና ሁለት ብረቶች ከተደራረቡበት መጋጠሚያ። በተደራረበው መሃል የገባ ዝገት እያበጠ ብረቶቹን ይገፋና ብሎኑን ይወጥረዋል። ላይ ላዩን ቀለም መቀባት ይህን አያድንም። መርማሪ ቀለሙን ፍቆ፣ በመዶሻ መትቶ ድምፁን አዳምጦ፣ የቀረውን ውፍረት በአልትራሳውንድ መለካት አለበት። ይህ ሁሉ ከሽቦው በላይ የሚሠራ ስለሆነ፣ ብዙው ሥራ ኃይል በሚቋረጥባቸው ጥቂት የሌሊት ሰዓታት ብቻ ነው የሚከናወነው። ወጪው የሚንረውም ለዚህ ነው።

(ምስል፦ ደረጃው።)

5 ሜትር ለመውጣት፣ አንዱ እርከን 16 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ 31 እርከን ያህል ያስፈልጋል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን፣ በ12 ሜትር 1 ሜትር የሚወጣ መንገድ ይሠራ ቢባል በያንዳንዱ ጫፍ 60 ሜትር ይፈጃል። ቦታ ከየት ይመጣል?

ደራሲው ዳዛይ ኦሳሙ በዚሁ ደረጃ ላይ የተነሳው ፎቶግራፍ ድልድዩን ዝነኛ አድርጎታል። ባቡር ለማየት ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆችም አልጠፉም። የባቡር ኩባንያው ድልድዩን ለከተማው ላስረክብ ቢልም፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጠናከሪያውና የጥገናው ወጪ ስለከበደ ከተማው አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ማፍረሱ ተጀመረ፤ ጥቂት ክፍል እንዲቀር ተወሰነ።

ከእንዲህ ያለ ድልድይ ቁራጭ ሐዲድ ለማስቀረት የምታስቡ፣ ወገቡን በግራይንደር አትፋቁ። የአምራቹ ስምና የተመረተበት ዓመት ጎላ ብሎ የሚወጣው እዚያው ላይ ነው። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችልም በደረቁ አታሹት፤ ቀለም ማስለቀቂያ ቀቡና እርጥብ እንዳለ አንሱት።