የምርኮኞቹ ዕቁብ፦ ማን ይወጣል፣ ማን ይቀራል?

አንድ ሰው ሌላውን በጀርባው አዝሎ ደረጃ ይወርዳል። ታጥቦ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። ከዚያ መልሶ አዝሎት ይወጣል። በሌላም ቀን እንዲሁ።

ቦታው ጀርመን ውስጥ፣ ኮልዲትዝ የሚባል ግንብ ነው። ዘመኑ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት። የታዘለው ዳግላስ ባደር ይባላል። ስመ ጥር የእንግሊዝ ተዋጊ አብራሪ ነው። በ1931 በአውሮፕላን አደጋ ሁለት እግሮቹን አጥቶ፣ በሰው ሠራሽ እግር ተመልሶ የተዋጋ ጀግና። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ያዘለው ደግሞ ተራ ወታደር ነው። እሱም ምርኮኛ ነው።

በ1943 ጀርመኖች ለዚህ ወታደር አገርህ ልትገባ ነው አሉት። በደስታ ሄዶ ለባደር ነገረው። ባደር አይሆንም አለ። አገልጋዬ ሆኖ መጣ፣ አገልጋዬ ሆኖ ይቀራል። ነገሩን ራሱ ወታደሩ ነው በኋላ የተናገረው። ሁለት ዓመት ያህል እዚያው ቀረ።

ሁለቱም ምርኮኞች ናቸው እኮ! አንድ ግንብ፣ አንድ ዘበኛ፣ አንድ አጥር።

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው አጥር ውስጥ ስላለው ሌላ አጥር ነው። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉና እንቀጥል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ላጥራ። ባለፈው ስለ ምርኮኞች ስናወራ ብዙዎቻችሁ ጻፋችሁልኝ። «ዋሻ ሲቆፍሩ የምንሰማው መኮንኖች ብቻ ናቸው። ተራው ወታደር ወኔ አልነበረውም ማለት ነው?»

አይደለም! ይቺን ሳላስተካክል አላልፍም። በ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት ምርኮኛ መኮንን ሥራ አይገደድም። ተራ ወታደር ግን ይገደዳል። ስለዚህ ተራው ወታደር ጠዋት ማዕድን ማውጫ ይወርዳል፣ እርሻ ይሄዳል፣ ፋብሪካ ይገባል። ማታ ወገቡ ተቆርጦ ይመለሳል። መኮንኑስ? ቀኑን ሙሉ ነፃ ነው። ዋሻ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ምንድን ነው? ጊዜ። ደግሜ ልበል፣ ጊዜ። ተራ ወታደሮችም ከእርሻውም ከፋብሪካውም አምልጠዋል፤ ታሪካቸው ብዙም አልተጻፈም እንጂ። ሌላም አለ። ያው ስምምነት በመኮንኖች ካምፕ የሚያገለግሉ ወታደሮች ከምርኮኞቹ መሀል ይመደቡ ይላል። አያችሁ? አሽከርነቱ በሕግ የተጻፈ ነው። እና እባካችሁ፣ ድካምን ፍርሃት አትበሉት።

እሺ፣ አሁን ወደ ሳጋን። ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ነው። ስታላግ ሉፍት 3፣ የአየር ኃይል ምርኮኞች ካምፕ። መሪው ሮጀር ቡሼል፣ ኬምብሪጅ የተማረ ጠበቃ። ሦስት ዋሻ አስጀመረ፦ ቶም፣ ዲክ፣ ሃሪ። ሃሪ ጥልቀቱ 9 ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ ከ100 ሜትር በላይ። ግድግዳው የአልጋ ርብራብ፣ የአየር መተላለፊያው የወተት ጣሳ። አሸዋው ሱሪ ውስጥ በተደበቀ ከረጢት ወጥቶ ግቢ ውስጥ ይበተናል። ይህን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ አልዘገይበትም።

የምዘገይበት ሌላ ነገር ነው። ይህ ሥራ ለእኔ ዕቁብ ነው። ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ዕቁብ ላይ ሁሉም ይጥላል። እዚህም ሁሉም ጣለ። ገንዘብ ሳይሆን ርብራቡን። ርብራብ ሰጥተህ ማታ ስትተኛ ፍራሹ መሀል ላይ ይሰምጣል፣ ጀርባህ ያውቀዋል። አንዱ ርብራቡን ይጥላል፣ አንዱ በመስኮት ዘበኛ ይጠብቃል፣ አንዱ ልብስ ይሰፋል፣ አንዱ የሐሰት መታወቂያ ይጽፋል። ወደ 600 ሰው ሠርቷል። ለመውጣት የታሰበው ግን 200 ብቻ ነው።

ታዲያ ማን ይውጣ? ዕቁብ ላይ ዳኛ አለ አይደል? «እገሌ ልጁን ሊድር ነው፣ ይቅደም» የሚል። እዚህም ዳኞች ነበሩ። መጀመሪያ 30 ያህል ሰው ተመረጠ፣ ጀርመንኛ የሚችልና አገሩ የመድረስ ተስፋ ያለው። ቀጥሎ ብዙ የለፉት። የቀሩት በዕጣ! እዚህ ላይ ማዕረግ አልሠራም። እዚህ ላይ አባትህ ማነው የለም። ዋሻ ውስጥማ ጭራሽ ነገሩ ተገልብጧል። የቁፋሮው አለቃ ዋሊ ፍለዲ የሚባል፣ ማዕድን ማውጫ ውስጥ የሠራ ካናዳዊ ነበር። ጠበቃው ፕላኑን ያወጣል፣ መሬቱን የሚያውቀው ግን ማዕድን ቆፋሪው ነው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

ፍለዲ ግን አልወጣም። ማምለጫው ቀን ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ጀርመኖች ወደ ሌላ ካምፕ አዛወሩት። ማርች 24 ቀን 1944 ሌሊት 76 ሰው ወጣ። 73ቱ ተያዙ። 50ዎቹን በሂትለር ትእዛዝ ረሸኗቸው፣ ቡሼልንም ጨምሮ። አገራቸው ተይዞባቸው ለእንግሊዝ ይዋጉ የነበሩ ሁለት ኖርዌያውያንና አንድ ሆላንዳዊ ብቻ አመለጡ። ዕጣቸው ያልደረሰው ደግሞ ለሞቱት ጓደኞቻቸው የድንጋይ ሐውልት ሠሩላቸው። ዛሬም እዚያው ቆሟል።

አሁን ወደ ኮልዲትዝ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም ዕቁቡ ውስጥ ያልገባ ሰው አለ። ዶክተር ቢሬንድራናት ማዙምዳር። ሕንዳዊ ነው፣ በእንግሊዝ ጦር ሐኪም፣ ማዕረጉም መኮንን። በግንቡ ያለ ብቸኛ ሕንዳዊ። ጀርመኖች በርሊን ወስደው፣ እንግሊዝን ለመውጋት ከእነሱ ጋር ካበረው ከሕንዱ የነፃነት ታጋይ ከሱባስ ቻንድራ ቦስ ጋር አገናኙት። ወደኛ ዙር ተባለ። የማልኩት መሐላ አለ ብሎ እምቢ አለ። ተመልሶ ላምልጥ ሲል የገዛ ወገኖቹ የቆዳህ ቀለም ያስይዝሃል አሉት። መኮንን ነው፣ መሐላውን ጠብቋል፣ ግን ዕጣ የለውም። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ምን አደረገ? የረሃብ አድማ መታ። ከሕንዶች ጋር አድርጉኝ አለ። ጀርመኖች ተሸነፉለትና ሕንዶች ወዳሉበት ካምፕ ላኩት። ከዚያ አመለጠ። ስዊዘርላንድ ገባ።

የሚቀጥለው ቪዲዮ ወደኛ አገር ይቀርባል። ኢትዮጵያ ውስጥ የቅኝ ግዛት ሹም የነበረ ፌሊቼ ቤኑዚ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። በ1941 ተማርኮ ኬንያ፣ ናንዩኪ ታሰረ። በ1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከካምፑ ወጣ። ያመለጠው የኬንያን ተራራ ሊወጣ ነበር። ወጥቶም፣ በእግሩ ተመልሶ እስር ቤቱ ገባ። ለምን እንደተመለሰ እዚያ እነግራችኋለሁ።