ከጣና ዳር ወደ ዋልያ አገር

እንደምን አመሻችሁ! ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ነገ የተፈጥሮ ክበቡን ልጆች ይዘን ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንሄዳለን። ርዕሰ መምህሩ “አምስት ደቂቃ ብቻ” ብለውኛል። የጂኦግራፊ መምህር በአምስት ደቂቃ ጨርሶ አያውቅም፤ ግን እሞክራለሁ።

አሁን ያለንበት የጣና ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ራስ ደጀን ደግሞ ወደ 4,550 ሜትር። እኛ በልጅነታችን 4,620 ብለን ነበር የሸመደድነው። ልጆቹ ቢያርሟችሁ እንዳትቆጧቸው፤ ተራራው አላጠረም፣ ልኬቱ ነው የተስተካከለው።

ይህ ሁሉ ከፍታ ከየት መጣ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር ተሰንጥቃ የቀለጠ ዐለት ወጣ። ፈሰሰ፣ ረጋ፣ እንደገና በላዩ ፈሰሰ። እንደ እንጀራ ተነባበረ። ከዚያ ዝናብና ወንዝ እየሸረሸሩ ቆራረሱት። ገደሉ አፍ ላይ ስንቆም ንብብሩን በዓይናችሁ ትቆጥሩታላችሁ። ጣናም የእሳት ዘመድ ነው። በጣም ዘግይቶ፣ በዚሁ በባሕር ዳር በኩል የፈሰሰ ዐለት ውኃውን ገድቦ አስቀረው። እዚያ እሳቱ ግንብ ሠራ፤ እዚህ ገበታ። ጣና እኮ ያን ያህል ሰፍቶ፣ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው።

የሚገርመኝ ደግሞ የውኃው ነገር ነው። የሰሜን ተራሮች ዝናብ ወደ ጣና አይመጣም። የጅንባር ፏፏቴም ከገደሉ ተወርውሮ ወደ ተከዜ ነው የሚሄደው። የኛው ዓባይ በጢስ ዓባይ አድርጎ፣ ጎጃምን ዞሮ ይወጣል። ሁለቱ የሚገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ አትባራ ላይ ነው። አገር ቤት ተኳርፈው ሰው አገር የሚታረቁ ወንድማማቾች ይመስሉኛል።

ወደ እንስሳቱ ልምጣ። ዋልያ ሲባል ግማሾቻችሁ ኳስ ነው የምታስቡት፤ አውቃለሁ። እውነተኛው ዋልያ በዓለም ላይ ከሰሜን ተራሮች ሌላ በዱር የሚኖርበት ቦታ የለውም። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን “ይህ የማን ፍየል ነው ገደል የገባው?” ብዬ ጮኬያለሁ። አስጎብኚው እስካሁን ሲያገኘኝ ይስቅብኛል።

ጭላዳ ዝንጀሮን ግን ማንም አይስተውም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። ምግቡ በአብዛኛው ሣር ነው። ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ይነጫል፤ ሳይነሳ በመቀመጫው ፎቀቅ እያለ ይቀጥላል። ሲመሽ ነብርና ጅብ እንዳይደርስበት ገደሉ ላይ ተጣብቆ ያድራል። ስልካችሁን ይዛችሁ አትጠጉት፤ ብስኩትም አትስጡት።

ጅብራ የሚባለውን የደጋ ተክልም ታያላችሁ። ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፣ አንዴ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። እንሰትም እንደዚሁ ነው።

ፓርኩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ከላሊበላ ጋር በአንድ ዓመት። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ዋልያው ተመናምኖ፣ እርሻና ግጦሽ ገፍቶ ነበር። በ2017 ወጣ። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የግጭ መንደር ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ደባርቅ ገብተዋል። ግጭ ስንደርስ ሜዳው ባዶ ነው። ልጆች፣ እዚያ ሰው ይኖር እንደነበር አስታውሱ።

ደቂቃዬ አልቋል፤ ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን እያዩ ነው። መነሻችን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። እስከ ጎንደር ወደ 180 ኪሎ ሜትር፣ ከጎንደር ደባርቅ ደግሞ ወደ 100። የባሕር ዳር ሙቀት እንዳያታልላችሁ፤ እዚያ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እናቶች፣ እባካችሁ ጋቢ አስይዙልኝ። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣ ልጅ አውቶቡስ አይሳፈርም!