የኤሌክትሪክ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት፦ ቆጣሪው፣ ባትሪው፣ ሶኬቱ

ሄለን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ አዲስ መኪና የሚፈልግ ሰው ሁሉ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይጠይቃል። ጥያቄው ግን አብዛኛውን ጊዜ «አንዴ ከሞላ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» የሚል ብቻ ነው።

ዳዊት፦ መቅደም ያለበት «የት ነው የምሞላው?» ነው። የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ላለው ያዋጣል፤ ይህን ሳላመነታ እናገራለሁ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እየኖረ መኪናውን በጋራ ቦታ ለሚያቆም ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የመሙያ ጣቢያውን ወረፋም ዋጋም አብሮ መቁጠር አለበት።

ሄለን፦ በቁጥር እንየው።

ዳዊት፦ ትንሿን የቻይና መኪና ቢዋይዲ ሲገልን እንውሰድ። ትልቁ ባትሪው 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። በቻይናው መለኪያ 405 ኪሎ ሜትር ይባላል፤ መለኪያው ለጋስ ስለሆነ ጉዞ አይታቀድበትም። ለሒሳባችን በ100 ኪሎ ሜትር 13 ኪሎዋት ሰዓት እንያዝ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ 130 ይሆናል። ሲሞላ የሚባክን አለ፤ እሱን 10 በመቶ ብንል ቆጣሪው ላይ 145 ገደማ ይነበባል።

ሄለን፦ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው። በወር 200 የሚጠቀም ቤት 145 ሲጨመርበት ሁለት እርከን ወደ ላይ ይወጣል። መስከረም 2017 የተጀመረው የታሪፍ ማሻሻያም በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ የታቀደ ነው። የዛሬውን ቢል ይዞ የአምስት ዓመት ወጪ ማስላት ያሳስታል።

ዳዊት፦ እንደዚያም ሆኖ ከቤንዚን ይረክሳል። እኔን የሚያስፈራኝ የቤት ውስጥ መስመር ነው። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር ከአንድ ፌዝ 32 አምፒር ይስባል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲበሩ 50 አምፒር ደረሰ ማለት ነው። ብሬከሩ ቢወርድ ደግ ነው፤ ካልወረደ ሽቦው ይግላል።

ሄለን፦ ታዲያ ምን ይደረግ?

ዳዊት፦ ከቆጣሪው ሳጥን ቀጥታ የሚመጣ፣ ሌላ ነገር የማይጋራው መስመር ይዘርጋ። ለ32 አምፒር 6 ሚሊ ስኩዌር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 40 አምፒር ብሬከርና ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። የመዳብ ሽቦን ከአሉሚኒየም ጋር ጠምዝዞ ማሰር አይገባም፤ መገጣጠሚያው እየዛገ ይግልና እሳት ያስነሳል። አቅሙ ለማይፈቅድ ቻርጀሩን 16 አምፒር ላይ ማድረግ ይበቃል። ያ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ ይህንን ባትሪ ከ20 ወደ 80 በመቶ በሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሞላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተሰክቶ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ያልቃል፤ ምጣዱም ያን ጊዜ ጠፍቷል።

ሄለን፦ ቻርጀሩ «ግራውንድ የለም» ብሎ እምቢ ሲል፣ ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ) ከግራውንዱ (ወደ መሬት ከሚወርደው ሽቦ) ጋር ሶኬቱ ውስጥ አገናኝተው የሚያስነሱት ባለሙያዎች አሉ።

ዳዊት፦ በፍጹም አይደረግም! ኒውትራሉ ከመስመሩ ላይ የተበጠሰ ዕለት የመኪናው አካል ራሱ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ በር ሊከፍት እጁን የዘረጋ ልጅ ይያዛል። መፍትሔው የግራውንድ ዘንግ መቅበርና መለካት ነው።

ሄለን፦ ወደ አገሩ ሒሳብ እንሂድ። ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጂቡቲ በኩል ነው የሚገባው። ኤሌክትሪካችን ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ትልቅ ነፃነት ነው።

ዳዊት፦ ነፃነቱ እውነት ነው፤ ግን ግድቡ ላይ ያለው ኃይል እሰፈራችን ድረስ መድረስ አለበት። አንድ የሰፈር ትራንስፎርመር 200 ኪሎቮልት አምፒር (ቢበዛ 200 ኪሎዋት) ቢሆንና 20 ቤቶች በአንድ ምሽት 7 ኪሎዋት ቢስቡ፣ 140ው ለመኪና ብቻ ሄደ። ለዚህ ነው ሌሊት የሚሞላበት ርካሽ ታሪፍ ቢኖር የምለው። ሌላው ደግሞ ጥገኝነቱ ቦታ መቀየሩ ነው። ባትሪው፣ መለዋወጫው፣ ሶፍትዌሩ ከአንድ አገር ነው የሚመጣው።

ሄለን፦ ቻይና ደግሞ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በባትሪ ብቻ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ያለ ፈቃድ እንዳይወጡ ደንግጋለች።

ዳዊት፦ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ከአምራቹ ዕውቅና ውጭ በነጋዴ የመጣ መኪና ስክሪኑ ቻይንኛ ብቻ ሊሆን፣ የሶፍትዌር ማሻሻያም ላይደርሰው ይችላል። ቮልስዋገን አይዲ ሲክስ ለምሳሌ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። ሶኬቱም ጂቢቲ የሚባለው የቻይናው ዓይነት ነው። በዝግታ ለሚሞላው ከአውሮፓው ታይፕ ቱ የሚያገናኝ ቀላል አስማሚ ይበቃል። በፈጣኑ ግን መኪናውና ጣቢያው የሚነጋገሩበት መንገድ ይለያያል፤ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ የሌለው አስማሚ አይሠራም።

ሄለን፦ ያገለገለ ለሚገዛስ?

ዳዊት፦ የምርመራ መሣሪያ ተሰክቶ የባትሪው ጤና በመቶኛ ይታይ፣ ባትሪው የተሠራባቸው የሴሎቹ ቮልቴጅም ይነጻጸር። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ግማሽ ላይ እያለ መለካት ዋጋ የለውም፤ በዚያ ክልል ቮልቴጁ እምብዛም ስለማይለዋወጥ የደከመው ሴል ከጤነኛው ጋር ተመሳስሎ ይደበቃል። መቶ በመቶ ሊሞላ ሲቃረብ ነው የሚጋለጠው። ሻጩ «ሞልቼ አልጠብቅም» ካለ ተነስቶ መሄድ ነው።

ሄለን፦ ከሥርስ?

ዳዊት፦ መኪናው በማንሻ ይነሳ። የባትሪው ሽፋን ድንጋይ ነክቶት ጎድጉዶ ወይም በፑቲ ተደፍኖ እንደሆነ፣ የማቀዝቀዣ ቱቦው እንደሚያንጠባጥብ ይታይ። ክረምት ላይ ጎርፍ ውስጥ የቆመ መኪና ከወንበር ሥር ባሉት ሶኬቶች ላይ አረንጓዴ ዝገት ይገኝበታል።

ሄለን፦ እኔ ይህን ለገዢው ብቻ መተው አልስማማበትም። አስመጪው የባትሪውን የጤና መቶኛ ከሊብሬው ጋር አያይዞ እንዲያስረክብ ደንብ ያስገድደው፤ ለስንት ዓመት መለዋወጫ እንደሚያቀርብም በጽሑፍ ይፈርም። በ2014 የገንዘብ ሚኒስቴር ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሱር ታክስና ኤክሳይዝ ሲያነሳ፣ ጉምሩኩንም ለተገጣጠመው 15፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ አድርጎ፣ ተበትኖ ለሚመጣው ዜሮ ሲያደርግ ጥቅሙ ለአስመጪውም ደርሷል።

ዳዊት፦ ዜሮው ላይ ደግሞ ሴሉን መጠገን የሚችል የጥገና ወርክሾፕ የመክፈት ግዴታ ቢታከልበት እላለሁ። ሙሉ ባትሪ ከማስመጣት ይልቅ የተበላሸውን ሞጁል (የሴሎች ጥቅል) ብቻ እዚህ መቀየር ቢቻል፣ የመኪናው ዋጋም የዶላሩም ወጪ ይቀየራል።