በቅርጫቱ ዋጋ አንከራከር

(በማኅበራችን የጉዞ ዝግጅት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የጉዞ ኮሚቴው ስለ ካሪቢያን ደሴቶች አጠር ያለ ገለጻ እንዳደርግ ጠይቆኛል። የፓስፖርቱን፣ የሻንጣውንና የክፍያውን ነገር ጸሐፊያችን ይነግሯችኋል። እኔ የተሰጠኝን ሰዓት ለአንዲት ደሴት ቅርጫት ሠሪዎች ልስጠው።

መርከባችን ከሚቆምባቸው ወደቦች አንዱ ሮዞ ነው፤ የዶሚኒካ ዋና ከተማ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር እንዳታምታቱት። ይቺኛዋ 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ተራራና ደን የሞላባት ትንሽ አገር ናት። በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻዋ የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ የሆኑት ካሊናጎዎች ይኖራሉ። ኮሎምበስ በ1493 በዚያ ሲያልፍ (ዓመቶቹን የምናገረው በፈረንጆቹ ነው) ደሴቲቱ የእነሱ ነበረች። በ1903 እንግሊዞች 3,700 ኤከር ያህል ከለሉላቸው። ዛሬም የሚኖሩት እዚያው ላይ ነው።

ባለፈው ጉዞ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ቫን ተከራይተን ወደዚያ ተሻገርን። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከመንገዱ ዳር የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ትንሽ ሱቅ አየንና ወረድን። አንዲት ጠና ያሉ ሴት ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይሠራሉ። የሚሠሩበት ተክል ላሩማ ይባላል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። ጫፉን በቢላ ሰነጠቁት። ከዚያ አንዱን ወገን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ሌላውን በእጃቸው እየሳቡ እስከ ታች ድረስ ለሁለት ከፈሉት። እንደገና ለአራት። ውስጡን ፍቀው ጣሉት። እጃቸው ላይ የቀረው ስስ ልጥ ብቻ ነው።

ቀለሙንም አይገዙትም። ፀሐይ ላይ የሰነበተው ልጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ለቀናት ተቀብሮ የወጣው ነው። ቆዳው የተፋቀው ነጣ ይላል። እናቶቻችን ስፌት ሲሰፉ አክርማውን በወስፌ እየወጉ ነው። እዚያ ወስፌ የለም፤ ልጡን በጣታቸው እያሻገሩ ይጎነጉኑታል። በድሮው አሠራር ደግሞ ቅርጫቱ ድርብ ይሆናል። በሁለቱ መሃል ሰፋፊ ቅጠል ይነጠፋል፤ ዝናብ አያስገባም። ሴትዮዋ አንዱን ከፍተው ቅጠሉን ሲያሳዩን ሁላችንም አፋችንን ይዘን ነበር።

ከዚያ አንዱ ወንድማችን ክዳን ያለውን ቅርጫት አነሳና «ስንት ነው?» አለ። 40 ዶላር አሉት። «15» አላቸው። ቀና ብለው አዩት፤ መልስ ሳይሰጡት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «20» አለ። ሌላው ከኋላ «ሁለት ብንወስድስ?» ብሎ ገባበት። እንዲህ እያልን ቆየን። በመጨረሻ በ25 ሸጡለት። ያን ቀን እዚያ በር ላይ የቆመ ሌላ መኪና አልነበረም።

ወደብ ስንመለስስ ምን አደረግን? «ዶሚኒካ» የሚል የታተመበትን፣ ከባሕር ማዶ ፋብሪካ የመጣ ቦርሳ በተለጠፈበት ዋጋ ገዛን። አንድም ሰው አልተከራከረም። ለማሽን የተጠየቀውን ከፍለን የሰው እጅ ሥራ ላይ ስንደርስ ዋጋ ቆረጥን!

ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ታክሲ ያልነዳ ወይም ታክሲ የሚነዳ ወንድም የሌለው ማነው? ተሳፋሪው መድረሻው ላይ ሜትሩን አይቶ «ግማሹን ልስጥህ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ?

«ክርክር ባህላችን ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። መርካቶ ላይ አዎ። ነጋዴው ጨምሮ ይጠራል፤ ገዢውም ይቀንሳል፤ ሁለቱም ያውቁታል። እኚህ ሴት ግን ጨምረው አልጠሩም። ዘንጉን ከጫካ ቆርጦ ማምጣት አለ። ማድረቁ፣ መቅበሩ፣ መሰንጠቁ፣ መጎንጎኑ አለ። 40 ዶላር የዚህ ሁሉ ዋጋ ነው፤ እንዲያውም ያንሳል!

ሌላም ነገር አለ። የካሊናጎ መሬት የጋራ ነው፤ ለውጭ ሰው አይሸጥም። በዚህ ምክንያት ከእጃቸው አልወጣም። ግን ባንክ ዘንድ መያዣ አይሆንም። ሱቄን ላስፋ ያለች ሴት መሬቷን አስይዛ መበደር አትችልም። በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው ደረጃ 5 አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ሲመታ ጣሪያውንም ጫካውንም ነው የገፈፈው። ያቺ የቆርቆሮ ጣሪያ የምትጠገነው ከቅርጫት ሽያጭ ነው። እኛ የቀነስናት 15 ዶላር ከዚያ ላይ ነው የተቀነሰችው።

ሕዝቡ ብዙ አይቷል። በ1930 ፖሊስ የኮንትሮባንድ ዕቃ እፈልጋለሁ ብሎ መንደራቸው ገብቶ ሁለት ሰው ተገድሏል። ከአጎራባች ደሴቶች ጋር በታንኳ መነገድ የጀመሩት ግን ጉምሩክ የሚባል ነገር ከመምጣቱ በፊት ነው። በ2023 ደግሞ ከእነሱ ወገን የሆኑት ሲልቫኒ በርተን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንትም ናቸው።

አሁን ልመናዬ። ሮዞ በምንቆምበት ቀን ለመርከቡ አስጎብኚ ከመክፈል ማኅበሩ ራሱ ከካሊናጎዎች ቫን ይከራይ። ዋጋ ስትጠየቁ የተባለውን ክፈሉ። ካልተመቻችሁ አመስግናችሁ እለፉ፤ ነውር የለውም። የአሜሪካ ዶላር ይቀበሏችኋል፤ አንዱ ዶላር 2.70 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ነው። መልስ እንዳይቸግራቸው ዝርዝር ያዙ።

ረጅም መንገድ የማይችሉ እናቶቻችን ሮዞ መቆየት ይችላሉ። ድሮ ባሪያ ይሸጥበት የነበረው አሮጌው ገበያ ከወደቡ ቅርብ ነው፤ ዛሬ የእጅ ሥራ ይሸጥበታል። እዚያም ከመግዛታችሁ በፊት ማን እንደሠራው ጠይቁ። በቫኑ የምትሄዱ ስትወጡ በሩ ላይ ባለው ወረቀት ስማችሁን አስመዝግቡ።

አመሰግናለሁ።