ከመስቀል በኋላ ማን ይመለሳል? ስለ እንጦጦ ለሰፈራችን ሰዎች የተደረገ ንግግር

እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የእድሮቻችን ዳኞች፣ ዩኒፎርማችሁን እንደለበሳችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

በሰኔ ዝናብ ጭቃውን ረግጣችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ በልጅነቴ ታውቁኛላችሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከእናቴ ልጀምር።

እናቴ ቅጠል ተሸካሚ ነበረች፤ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለማገዶ ታወርድ ነበር። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ትነሳለች። ኩራዙን ሳታበራ ገመዷንና ማጭዷን በዳበሳ ታገኛለች። ከጎረቤት ሴቶች ጋር ተጠራርተው ዳገቱን ይወጣሉ። ብቻዋን የምትወጣ አልነበረችም፤ ጅቡም ሰውም ያስፈራል።

ትምህርት በሌለ ቀን አብሬያት እወጣ ነበር። ሸክሙ እንዴት እንደሚታሰር አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። መጀመሪያ ረጃጅም ቅርንጫፎች መሬት ላይ ይደረደራሉ። ቅጠሉ በላያቸው ይነባበራል። በጉልበቷ ትጫነዋለች፤ ገመዱን ታዞራለች፤ እንደገና ትጫነዋለች። ከዚያ ጀርባዋን ለሸክሙ ሰጥታ ዳገቱ ላይ ትቀመጣለች። ገመዱን ደረቷ ላይ ታጠብቅና ወደ ፊት ዘንበል ትላለች። ጓደኛዋ ከኋላ ገፋ ታደርጋታለች። አንድ ጊዜ «እህ» ትልና ትነሳለች። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ከፊት ሆኜ ሳያት ፊቷን አላይም። ቅጠል በሁለት እግር ሲሄድ ነው የሚታየኝ።

አንድ ቀን ጥበቃዎች አገኟት። ቅጠሉን በተኑት፤ ገመዷንም ቆራረጡት። ቤት ደርሳ ስታለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያስለቀሳት ቅጠሉ አልነበረም፤ ቅጠል ነገም አለ። ገመድ ግን በገንዘብ ይገዛል።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ተራራው ይጠበቅ ሲባል የእናቴ ስም ሁልጊዜ የሚነሳው ከጥፋተኞች ጋር ስለነበር ነው። እሷ ግን እንጦጦን ከማንም በላይ ታውቀው ነበር። የትኛው ምንጭ በየካቲት እንደሚደርቅ፣ የትኛው እስከ ግንቦት እንደሚዘልቅ ታውቃለች። የቀረው የኮሶ ዛፍ የት እንዳለ፣ ቀጋው መቼ እንደሚበስል ታውቃለች። ያን እውቀት ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ይኸው ነው። ተራራውን የሚያድነው ተራራውን የሚያውቀው ሰው ነው። እሱን ከስብሰባው ውጭ አቁመን የምንተክለው ችግኝ አይጸድቅም።

እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። እንጦጦ ከአዲስ አበባ በፊት ከተማ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የነገሡት እዚሁ በላያችን ባለችው እንጦጦ ማርያም ነው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.። ከዚያ በፊት ግን በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ነበር። እንጦጦ ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ውሃና እንጨት ያስቸግራል። መኳንንቱም ሠራዊቱም ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። አዲስ አበባ የእንጦጦ ልጅ ናት የምለው ለዚህ ነው።

ልጅ ግን እናቷን ጨረሰቻት። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ለቤት ማገር፣ ለአጥርና ለማገዶ ተቆረጠ። ያን ዘመን መናገሻው ከቦታ ቦታ ሲዞር አንዱ ምክንያት እንጨት ማለቁ ነበር። አዲስ አበባም ልትለቀቅ ምንም አልቀራት። ምኒልክ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ መቆርቆር ጀምረው ነበር። ከተማዋን ቦታዋ ላይ ያቆያት ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገባ። ቶሎ ያድጋል። ብትቆርጠው ከጉቶው አራትና አምስት ሆኖ ይነሳል። ከብት አይበላውም። ለከተማዋ ማገዶም፣ ምሰሶም፣ ጣሪያም ሆነ።

ስለዚህ ባሕር ዛፍን ስትረግሙ እኔ ብዙ አልተባበራችሁም። ያደግኩት እሱ በሚያነደው ምድጃ አጠገብ ነው። የቀጨኔ እናቶች ሸክላቸውን ሲተኩሱ የኖሩት በእሱ ቅጠልና እንጨት ነው። ውለታው አለብን። ነገር ግን ከሥሩ ገብታችሁ መሬቱን እዩት። ቀጥ ባለው ዳገት ላይ፣ ቅጠሉ በየጊዜው በሚለቀምበት ቦታ፣ መሬቱ ራቁቱን ነው። ሣር የለም፣ ቁጥቋጦ የለም። የክረምት ዝናብ ሲወርድ የሚይዘው ነገር የለም። አፈሩን ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ቀጭን ቦይ ነው፤ በሦስተኛው ክረምት ሰው የሚውጥ ቦረቦር ይሆናል።

ከዚያ የት ይሄዳል? እናንተ ታውቃላችሁ። በቀበና፣ በግንፍሌ፣ በቀጨኔ ወንዝ ዳር ቤት ያላችሁ፣ ሐምሌ ሌሊት ዝናቡ ሲከብድ ልጆቻችሁን አልጋ ላይ ሰብስባችሁ የምታድሩ፣ ይህን ላስረዳችሁ አያስፈልገኝም። ያ ጎርፍ ሰፈራችሁ አልተፈጠረም። ከላይ ነው የመጣው።

የእንጦጦ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ለልጆቹ በተለይ። እዚያ ጫፍ ላይ የወደቀ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። ወደ እኛ የዞረው በወንዞቻችን አድርጎ አቃቂ ይገባል፤ ከአቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ውስጥ ይቀራል። ወደ ሱሉልታ የዞረው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ጎን ለጎን የወደቁ ሁለት ጠብታዎች በዚህ ሸንተረር ምክንያት እንዲህ ይለያያሉ። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ለሳምንት አላስተኛኝም። አሁንም ዝናብ ሲጀምር ቀና ብዬ ጫፉን አየዋለሁ።

እንግዲህ ደኑን መመለስ እንችላለን ወይ? መልሱን ለማግኘት ሩቅ አትሂዱ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ግቡ። ጥድ አለ። ወይራ አለ። ግንዱ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አፈሩ ጥቁር ነው፤ በእጃችሁ ብትጨብጡት እርጥብ ነው። ከአጥሩ ውጭ አሥር እርምጃ ብትሄዱ ያው መሬት ቀይና ድርቅ ያለ ነው። ዝናቡም ፀሐዩም አንድ ነው። ልዩነቱ እዚያ ግቢ ውስጥ «የእኔ ነው» የሚል ሰው መኖሩ ነው።

ወደ ምዕራብ ወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። እነዚያን ትልልቅ ጥዶች ያየ ሰው፣ ከዚህች ከተማ አጠገብ ምን ሊኖር ይችል እንደነበር ይገባዋል።

የንጉሥ ትእዛዝ ግን ብቻውን አይበቃም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የመንዝ ሰው ነው። ጓሳ የተባለውን የደጋ ሣር ምድር የጠበቀው ራሱ ገበሬው ነው፤ ወደ 400 ዓመት ገደማ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመጥረጊያ ይሆናል። ሁሉም ይፈልገዋል። ስለዚህ ተስማምተው ይዘጉታል፤ ለዓመታት አጫጅም ከብትም አይገባም። የሚጠብቁት ራሳቸው ያቆሟቸው ሰዎች ናቸው። ሲከፈት ደግሞ ባለ መብቱ ሁሉ ይገባል፣ ያጭዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ግን ሕዝቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ መልሶ አቆመው። ዛሬ ጭላዳውም ቀይ ቀበሮውም እዚያ አለ። ልብ በሉ፣ የመንዝ ሰው ጓሳን ዘግቶ አልቀረም። ዘግቶ ይከፍታል። ጠባቂውም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ነው።

በእኛ በኩል ጥሩ ነገር አልተሠራም አልልም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት እኔም ልጆቼን ይዤ ወጥቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ሯጮቻችን በነጋ በጠባ የሚሮጡበት ጫካ ነው። ከተማው ሁሉ ቅዳሜና እሁድ ንጹሕ አየር የሚያገኝበት ቦታ መሆኑ እሰየው ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያ ዳገት ላይ ገመዳቸውን ይዘው የወጡት እናቶች አሁን በየትኛው በር ነው የሚገቡት? ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሥራ ቢኖር፣ ጥበቃ ቢቀጠር፣ እንግዳ የሚያስጎበኝ ቢፈለግ፣ መጀመሪያ ሊጠሩ የሚገባቸው እነሱ ናቸው። ቅርስ ማለት የምኒልክ እልፍኝና የማርያም ደወል ብቻ አይደለም። እናቶቻችን በእግራቸው የቀደዷት ቀጭን መንገድም ቅርስ ናት። አሁንም አለች፤ ላሳያችሁ እችላለሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ።

ክረምት በመጣ ቁጥር እንተክላለን። ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንወርዳለን። በክረምት የተከልንበትን ቦታ ባለፈው ጥር ለብቻዬ ሄጄ አይቼዋለሁ። አንዱን የደረቀ ችግኝ ነቀልኩት። ሥሩ ላይ ጥቁሩ ፕላስቲክ አልወለቀም ነበር። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ተጠቅልሎ ሞቷል። ቀጥሎ ያለውንም ነቀልኩ፤ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውን ለመንቀል ልቤ አልቻለም። ምናልባት አንዱን የተከልኩት እኔ ነኝ።

ወገኖቼ፣ መትከል ቀላል ነው። ማጽደቅ ነው ከባዱ። አገር በቀል ዛፍ እንደ ባሕር ዛፍ አይቸኩልም። ጥድና ወይራ የመጀመሪያ ዓመታቱን እንደ ሕፃን ነው። ዝናቡ መስከረም መጨረሻ ላይ ይሄዳል። ከዚያ እስከ በልግ ያሉት ወራት ናቸው የሚገድሉት። በእነዚያ ወራት ዙሪያውን የሚኮተኩት፣ ደረቅ ሣር የሚጎዘጉዝለት፣ ፍየል የሚከለክልለት ሰው ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የእድር ዳኞቻችን ተነጋግረው ያመጡትን ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። እያንዳንዱ እድር አንድ ቁራሽ ዳገት ይረከብ። ትንሽ ይሁን፤ ግን በስሙ ይመዝገብ። ባሕር ዛፉን ባንዴ አንመነጥርም፤ ዳገቱ ራቁቱን ይቀርና ጎርፉ ይብሳል። ቀስ እያልን፣ በመሃል በመሃሉ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ እያስገባን እንሄዳለን። ቦረቦሩ ላይ መጀመሪያ ድንጋይ እንደረድራለን፤ ያለ እርከን ችግኝ ማባከን ነው። የደረቀውን ጭራሮ የሚለቅሙት ደግሞ የዚያው እድር እናቶች ይሁኑ፤ በተራ፣ በታወቀ ቀን፣ ማንም ገመዳቸውን ሳይቆርጥባቸው።

እድራችን ሰው ሲሞት ማን እንደቀረ ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ችግኝ ለማጠጣት የቀረውንስ ለምን አንጠራም?

እናቴ አሁን ዳገት አትወጣም። ጉልበቷ እምቢ ብሏል። ትናንት ማታ እዚህ እንደምናገር ስነግራት «ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ያለችውን ምንጭ ንገሯቸው፣ ከሷ በላይ ያለውን መሬት ቅድሚያ ይያዙት» አለችኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።

ስም መዝጋቢዎቹ በሩ ጋ ናቸው። ለተከላው የሐምሌን የመጀመሪያ ቅዳሜ ይዘናል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከእንጦጦ ማርያም መውጫው ላይ እንገናኝ። ዶማ ያለው ዶማ፣ አካፋ ያለው አካፋ ይዞ ይምጣ። ፕላስቲኩን የሚያወልቁ ልጆች እዚያው እንመድባለን። ሁለተኛውን ቀጠሮም አሁኑኑ ጻፉት፤ መስቀል ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት። ያን ቀን ጀሪካን ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።