ውሃ የሚመጣበት ሌሊት

በትምህርት መዝጊያ ቀን ለወላጆች የቀረበ ንግግር፣ ጎንደር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ዓመቱን ሙሉ ልጆቻችንን ይዛችሁ የከረማችሁ መምህራን፣ ከፊት የተቀመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንኳን ለዚህ ቀን በሰላም አደረሰን።

እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ቤተሰብ ነው። እዚህ የቆምሁት አዋቂ ተብዬ ሳይሆን በዚህ ግቢ የሚማሩ ሁለት ልጆች ስላሉኝ ነው፤ ሦስተኛው ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

ከነገ ጀምሮ ልጆቻችን ቤት ናቸው። ክረምቱ እስኪወጣ፣ አደይ አበባ እስኪፈነዳ ከእኛው ጋር ሊሰነብቱ ነው። ብዙዎቻችን ከአሁኑ «የት ልላካቸው? በምን ላውላቸው?» እያልን እንጨነቃለን። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ይህን ሐሳቤን ያስቀየረኝን ነገር ነው፤ ነገሩ የጀመረው ከቧንቧ ነው።

ለጎንደር ሰው ስለ ውሃ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የአንገረብ ግድብ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አልበቃ ካለ ቆይቷል፤ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። እኛ ሰፈር ፈረቃው ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው። ቢጫ ጀሪካኖቻችንን ደርድረን፣ ቧንቧውን ከፍተን፣ ጆሯችንን ግቢ ላይ ጥለን እንተኛለን። መጀመሪያ አየሩ ይመጣል፤ ቧንቧው ያፏጫል። ቀጥሎ እንደ ሽማግሌ ይስላል። ከዚያ ዝገት የቀላቀለ ቀይ ውሃ ትንሽ ይተፋና ጸጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ዋናው ይመጣል። እናንተም ይህን ድምፅ በእንቅልፍ ልባችሁ ሳይቀር ታውቁታላችሁ።

በእኛ ቤት ያን ድምፅ የምትጠብቀው እናቴ ነበረች። ስንት ዓመት ጠበቀች ብትሉኝ መቁጠር አልችልም። ጠዋት ስንነሳ ጀሪካኑ ሞልቶ፣ በርሜሉ ሞልቶ እናገኘዋለን። እኔ ታዲያ ምን እል ነበር መሰላችሁ? «አርጅታለች፤ እንቅልፍ አይወስዳትም» እል ነበር። እንዲህ ብዬ ተኝቻለሁ።

አምና አንድ እሑድ እናቴና መካከለኛዋ ልጄ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅዳሴ አስቀደሱ። በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የተተከለችውን፣ ደርቡሽ ከተማውን ሲያቃጥል የተረፈችውን ያቺን ቤተ ክርስቲያን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ እኔም ገብቼ አገኘኋቸው። ልጄ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ጣሪያውን ታያለች። የመላእክቱን ፊት በጣቷ ትቆጥራለች፣ ትሳሳታለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ቁጥሩን ስታቆም አያቷን፦

«እምዬ፣ አንዱም ዓይኑን አልጨፈነም። አይተኙም እንዴ?» አለቻት።

እናቴም «ጠባቂ ይተኛል እንዴ ልጄ?» አለቻት። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣን። ነገሩን እዚያው የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ውሃ መጣ። ሌሊት ነው፤ ነቅቼ ወደ ደጅ ስወጣ ልጄ ብርድ ልብሷን ተከናንባ በረንዳው ላይ ቆማለች። እናቴ በበርጩማ ላይ ጋቢዋን ለብሳ፣ እጇን የጀሪካኑ አፍ ላይ አድርጋ፣ መሙላቱን በጣቷ እየዳሰሰች ትጠብቃለች። ልጄ ዘወር ብላ በሹክሹክታ እንዲህ አለችኝ፦

«አባዬ፣ እምዬም እንደ ሥላሴዎቹ ናት። አትተኛም።»

ወገኖቼ፣ እናቴን የማውቃት ከተወለድሁ ጀምሮ ነው። ልጄ ያየችውን ግን እስከዚያች ሌሊት አላየሁም። ጠዋት «እማ፣ ለምን አንዳችንን አትቀሰቅሽም?» ብላት «እናንተ ለሥራ ትወጣላችሁ፣ እነሱ ይማራሉ፤ እኔ ቀን እተኛለሁ» አለችኝ። ቀን ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የውሃውን ሌሊት በተራ አደረግነው። በማግሥቱ ትምህርት በሌለበት ሌሊት ከልጆቹ አንዱ አብሮኝ ይነሳል። አሥር ጀሪካን 200 ሊትር ነው፤ ቧንቧችን ደግሞ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ነው የምንቀመጠው።

የበኩር ልጄ 13 ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። «ትምህርት እንዴት ነው?» ስለው «ደህና»፤ «ምን ሆንህ?» ስለው «ምንም»። ፊት ለፊት አስቀምጬ ስመክረው ዓይኑ መሬት ላይ ነው። በውሃው ሌሊት ግን ሁለታችንም የምናየው ጀሪካኑን ነው። አራተኛው ላይ ደርሰን ይመስለኛል፣ ሳልጠይቀው፣ በሒሳብ ትምህርት ወደ ኋላ መቅረቱን፣ የሚቀርበው ጓደኛው ቤተሰቡ ከተማውን ለቆ ስለሄደ ብቻውን መሆኑን ነገረኝ። ለወራት ይዞት የነበረ ነገር ነው። ምክር አልሰጠሁትም። ጀሪካን ለወጥን። ቀጥሎ የተናገረው «ነገም አብረን እንነሳለን?» የሚል ነበር።

ከመካከለኛዋ ጋር ደግሞ የእንቆቅልሽ ሌሊት ነው።

«እንቆቅልሽ!» እላታለሁ። «ምን አውቅልህ!» ትላለች። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?»

ውሃ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሁላችንም ከአያቶቻችን የሰማነው ነው። ቧንቧውን አየችና «አባዬ፣ የእኛ ሰፈር ውሃ ግን ይደክመዋል፤ ቆሞ ያርፋል» አለችኝ። እናቴ ከውስጥ ሰምታት ኖሮ የሳቀችው ሳቅ ጎረቤት ቀሰቀሰ። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሌላም ልጨምር። የመጨረሻው ልጃችን ሲወለድ ባለቤቴ አራስ ነበረች፤ እናቴ ጉልበቷን ታማ ቁጭ ብላለች። እንጀራ የሚጋግር ሰው የለም። እኔና ያኔ 6 ዓመቷ የነበረችው ልጄ ማጀት ገባን። ወንድ ምጣድ ሥር ምን ይሠራል የሚል ሰው በሰፈራችን ይኖራል፤ ቤቴ እንጀራ ሲያጣ ግን የማስበው ሰውን ሳይሆን አራሷን ነው።

ዱቄቱን በእርሾ አቡክተን፣ በሦስተኛው ቀን ከላይ ያቀረረውን ውሃ ደፍተን፣ ምጣዱን በጎመን ዘር አስሰን ጋገርን። የወጣው እንጀራ እንደ ቆዳ ድፍን ነው። እናቴ ጫፉን በጣቷ ነካ አድርጋ «ዓይን የለውም። አብሲቱን ዘላችሁታል» አለችን። ከቡሆው ትንሽ ተቀንሶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ እሳት ላይ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስላል፤ ሲበርድ ተመልሶ ቡሆው ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ኩፍ ይላል። ይህ ነው አብሲት። በዚህ ዕድሜዬ በቀን ሦስቴ የምበላው ነገር እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ አብሲት ጣልን። ሊጡን ከዳር ጀምሬ ወደ መሐል አዙሬ አፈሰስሁት። ልጄ በርጩማ ላይ ቆማ፣ አገጯን ትከሻዬ ላይ ጥላ ታያለች። መጀመሪያ አንድ ቀዳዳ ከዳር ብቅ አለ፤ ከዚያ ሁለት፤ ከዚያ እንደ ዝናብ ጠብታ መላው ምጣድ ላይ ተበተነ። «አባዬ፣ ዓይኑን ገለጠ!» ብላ ጮኸች። አራሷ ከአልጋዋ «ማን ነው ዓይኑን የገለጠው? ሕፃኑ ነው?» አለች። የመጀመሪያውን እንጀራ ወስደን ሰጠናት።

ያለፉት ዓመታት ለከተማችን ከባድ እንደነበሩ ለእናንተ አልነግርም። መንገድ የተዘጋባቸው፣ ልጆቻችን ከዚህ ግቢ የቀሩባቸው ቀናት ነበሩ። በእነዚያ ቀናት እናቴ ቡና ማፍላቷን አልተወችም። ቡናው ሲያንስ ውሃውን አብዝታ ታፈላ ነበር። አንዷ ጎረቤት ስኳር በሲኒ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ቆሎ። አቦሉ ሲቀዳ ሁሉም ዝም ብሎ ደጁን ያዳምጣል፤ ቶናው ላይ አንድ ሰው ማውራት ይጀምራል፤ በረካው ላይ ልጆቹ ይጫወታሉ። ወንዱ ልጄ ሲኒ ማደል የተማረው ያኔ ነው፤ ከትልቅ ጀምሮ፣ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ። ቀጥ ብለህ አትስጥ፣ ለታላቅ አስቀድም ብዬ የመከርሁት አይደለም፤ አያቱን እያየ ነው። ዛሬ ማንም ሳይነግረው ያደርገዋል።

አሁን ወደ ክረምቱ ልመለስ። መምህራን አይቀየሙኝ፤ ማጠናከሪያ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ ያስፈልገዋል፤ የእኔም ልጅ ሒሳቡን ይማራል። ነገር ግን የክረምቱን ሰዓት ሁሉ በማጠናከሪያ ሞልተን፣ የተረፈውን ለስልክ ሰጥተን፣ ልጆቻችን ቤታቸውን ሳያውቁት መስከረም እንዲጠባ እፈራለሁ። ሥራ አሸክሟቸው ማለቴም አይደለም። «ሂድ ውሃ ቅዳ» እና «ና ውሃ እንቅዳ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ ያገኘሁት ውሃ ብቻ ነው።

አብሮ መሥራት እንደሚያዘገይ አውቃለሁ። ሕፃን ሽንኩርት ሲልጥ ብቻችንን ከምንልጠው ሦስት እጥፍ ይፈጃል፣ ግማሹን ይጥለዋል። እባካችሁ ይጣል። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ገዝታችሁ አትስጧቸው፤ ቃጫውን አምጡና አብራችሁ ግመዱ፤ መገመድ የማትችሉ ከሆነ የሰፈራችሁን ሽማግሌ ጥሩ፤ ደስ ብሏቸው ነው የሚመጡት። ሙልሙሉ ሲጋገርም ልጆቹ ዱቄት ይንኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብና መብራት ሲጠፋ፣ ሻማ ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት ለአፍታ ተቀምጠን «ተረት ተረት» እንበል። «የላም በረት» የሚል ድምፅ ከጨለማው መምጣቱ አይቀርም። አያት በቤት ያላችሁ ደግሞ የምታወራውን ልጆቹ እንዲሰሟት ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጉላት።

እናቴ ዛሬ እዚህ አልመጣችም፤ ጉልበቷ አልፈቀደም። ሌሊት ሌሊት ግን አሁን ትተኛለች። መጀመሪያ ላይ አስቸግራን ነበር፤ ቧንቧው ባፏጨ ቁጥር ትነሳና «ሞላ?» ትላለች። አሁን ልጄ ሄዳ «ተኚ እምዬ፣ እኛ አለን» ስትላት ጋቢዋን ወደ ላይ ስባ ትመለሳለች።

የዛሬ ሌሊት ፈረቃው የእኛ ሰፈር ነው። ተራው የእኔና የመካከለኛዋ ልጄ ነው፤ ያቻትና፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ተቀምጣለች። የማታውቀው አዲስ እንቆቅልሽ እንዳዘጋጅ ከሦስት ቀን በፊት አስጠንቅቃኛለች፤ እስካሁን አላገኘሁም። ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ካለ፣ ስንወጣ እሷ ሳትሰማ በር ላይ ይንገረኝ።

አመሰግናለሁ።