ከቅጣቱ በፊት በሩን እናንኳኳ
(በአንድ የሰፈር እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እንደምን አደራችሁ። ጋሼ ዳኛችን፣ ይህችን ጊዜ ስለሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እዚህ እድር ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በአስተማሪነቴ ነው፤ የብዙዎቻችሁን ልጆች ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ዛሬ የማታውቁትን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። እንዳይጠፋብኝ ጽፌው መጥቻለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ ጥር አራት ቀብር ቀርቻለሁ። መዝገቡ ላይ አለ። ለአራቱም ተቀጥቻለሁ፣ ባለቤቴም ከፍሏል። ሕግ ሕግ ነው፤ በቅጣቱ አልከፋኝም። ግን የት እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አልጋዬ ላይ ነበርኩ። የጡሩንባው ድምፅ ይሰማኛል። መነሳት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ነጠላዬ ወንበሩ ላይ ነው። ከአልጋዬ እስከ ወንበሩ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። እሱን መራመድ አቃተኝ።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ድባቴ ይሉታል። እኛ ድብርት እንለዋለን። ችግሩ፣ ክረምት ላይ ሰማዩ ሲጠቁር የሚጫጫነንንም ድብርት እንላለን። ያኛው አንድ ቡና ሲጠጣ ይለቃል። ድባቴ ሁለት ሳምንት አልፎም አይለቅም፤ ጠዋትም ማታም እዚያው ነው። የምትወደው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ይጠፋል። እኔን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይቀሰቅሰኝና እስኪነጋ ጣራ አያለሁ። ምግብ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። የክፍል ፈተና ማረም፣ ያ ስንት ዓመት የሠራሁት ሥራ፣ ተራራ ሆነብኝ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነኝ የሚለው ስሜት ነው። ለልጆቼ ሸክም ሆንኩ እያልኩ አለቅስ ነበር። በኋላ ደግሞ ማልቀሱም ቀረ።

ብዙዎቻችን ሐኪም ጋ ስንሄድ «ከፍቶኛል» አንልም። ራሴን፣ ወገቤን፣ ደረቴን አቃጠለኝ ነው የምንለው። ውሸት አይደለም፤ እውነትም ያማል። እኔ ለጨጓራ ሁለት ክሊኒክ ዞሬአለሁ። አንዱ ጋ ታይፎይድ ነው ተብዬ መድኃኒቱን ጨርሻለሁ። እንቅልፌን የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ቤት የሚመጣው ሰው ደግሞ «ምን ጎደለሽ?» ይለኛል። ባል አለሽ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው፣ ደመወዝ አለሽ። ክፋት የለውም፣ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። ግን ይህ ጥያቄ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። እኔም ራሴን ሌሊት የምጠይቀው እሱኑ ነው። መልስ የለውም። መልስ ሲጠፋ «እንግዲያው እኔ ነኝ መጥፎዋ» ትላላችሁ። ድባቴ ሐዘን ወይም ችግር ተከትሎ ሊመጣ ይችላል፣ ወሊድም ተከትሎ አራስ ቤት ይገባል። ምንም ሳይጎድልም ይመጣል። ስኳር ያለበትን ሰው «ምን ጎደለህ?» አንለውም።

አንዲት ጎረቤቴ ግን ምንም አልጠየቁኝም። እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል፣ ስማቸውን አልጠራም። እማማ አንድ ቀን ጀበናቸውን ይዘው ገቡ። ቡናውን ቆሉ፣ አፈሉ፣ ቀዱልኝ። ስለ ዶሮዎቻቸው ሲያወሩ ቆይተው ሄዱ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን «እማማ፣ እንቅልፍ አጣሁ» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ የወጣው ያኔ ነው። ለእህቴ ደወሉላት፣ እሷም ይዛኝ ሄደች።

ሆስፒታል ማለት ለብዙዎቻችን አማኑኤል ነው። ለረጅም ዓመታት በአገራችን ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እሱ ስለነበር ስሙ ራሱ መሰዳደቢያ ሆኖ ቀረ። «አማኑኤል ገባ» ከተባለ አበቃ፣ ልጁ የሚዳር አይመስለንም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ስንቱ የዳነበት ቤት ነው። አሁን ደግሞ በጠቅላላ ሆስፒታሎችም፣ በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ሕክምናው አለ። እኔን ያየኝ ሐኪም መጀመሪያ ደሜን አስመረመረኝ። የደም ማነስና የእንቅርት እጢ መዛባትም እንዲህ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ነው።

ከዚያ ፍሉኦክሴቲን የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ። ይህን መድኃኒት የሚጀምር ዘመድ ካላችሁ ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ እርዱት። ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል። እኔን መጀመሪያ ማቅለሽለሽ ብቻ ነበር የሰጠኝ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከማጀት ሽንኩርት ሲቁላላ ሸተተኝና ራበኝ። ልጄን «እንጀራ አምጪልኝ» ስላት ሳህኑን ይዛ እያለቀሰች መጣች።

ጥፋቴንም ልናገር። ሐኪሙ «ከተሻለሽም በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ትቀጥያለሽ» ብሎኝ ነበር። እኔ በሦስተኛው ወር ዳንኩ ብዬ ሳላማክረው ተውኩት። ሕመሙ ተመለሰ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። እባካችሁ እንደኔ አታድርጉ።

ከመድኃኒቱ ሌላ የምክር ሕክምናም ነበረኝ። ባለሙያዋ ያስተማረችኝ ነገር እስከ ዛሬ ይዞኛል። «ፍላጎቱ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ትንሿን ነገር አድርጊ፣ ፍላጎቱ ከኋላ ይመጣል» አለችኝ። በቀን አንድ ነገር እንድጽፍ ደብተር ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ቀን ላይ «ፊቴን ታጠብኩ» ይላል። ሌላ የለም። ከሳምንት በኋላ «በር ላይ ፀሐይ ሞቅኩ»። ከወር በኋላ «እስከ ወፍጮ ቤት ሄድኩ»።

ጸበልም ገብቻለሁ። መድኃኒቱን ግን አላቋረጥኩም፤ የንስሐ አባቴ ራሳቸው «ሁለቱንም ያዢ» ነው ያሉኝ። ዱዓ የምታስደርጉ ወንድሞቼና እህቶቼም እንዲሁ። ጸሎቱ ይቀጥል፣ ክኒኑም ይዋጥ።

አሁን ከባዱን ልናገር። መሞትን ያሰብኩባቸው ቀናት ነበሩ። ባለቤቴ አንድ ማታ እጄን ይዞ «መሞት እያሰብሽ ነው?» ብሎ በቀጥታ ጠየቀኝ። «አዎ» አልኩት። ስናገረው ከደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተነሳልኝ። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ልብ ውስጥ ይተክላል ብላችሁ አትፍሩ፣ አይተክልም። ሰውየው «አዎ» ብሎ ከመለሰላችሁ ብቻውን አትተዉት። አትቆጡት፣ «ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። ባለቤቴ ሌሊቱን አጠገቤ ተቀምጦ አነጋ፣ በጠዋቱ ሆስፒታል ወሰደኝ።

እኛ እድርተኞች አንድ ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን። ድንኳን በሰዓታት ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቅሶ እንቀመጣለን። በሕይወት እያለ አልጋ ላይ የቀረውን ግን የምናየው በቅጣት መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለጉባኤው አቀርባለሁ። አንድ አባል ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከቀረ፣ ቅጣቱ ከመጻፉ በፊት ሁለት ሰው ቤቱ ይሂድ። ደህና ከሆነ ቅጣቱን ይክፈል። ካልሆነ እንቀመጥ።

ጸሐፊያችንን ለምኜ መዝገቡን አይቻለሁ። ከመስከረም ወዲህ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የቀሩ አምስት አባላት አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጠራም። ነገ 10 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ቤት ልሄድ ነው። አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ቡናውን እኔ ይዣለሁ።